ሁለት ደብተር፦ ሳይንስና እምነት በአንድ ክፍል ውስጥ

(ደብረ ብርሃን ላይ ለክርስቲያን ትምህርት ቤቶች መምህራን ያደረግሁት ንግግር ነው። ማይኩ ሁለት ጊዜ ስለከዳኝ፣ ከኋላ የተቀመጣችሁት ያልሰማችሁትን እዚህ ሞልቼዋለሁ።)

እንደምን አደራችሁ። ከመንዝም፣ ከአንኮበርም፣ ከደብረ ሲናም የመጣችሁ አላችሁ። በዚህ ብርድ በጠዋት ተነስታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እዚህ ይሞቃል ብዬ አልዋሻችሁም።

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ቄስም ፓስተርም አይደለሁም፣ ሥነ መለኮትም አልተማርኩም። ስለዚህ "ሳይንስና ሃይማኖት በየትምህርቱ እንዴት ይገናኙ" በሚል ርዕስ ንግግር አድርግ ስትሉኝ፣ መጀመሪያ ስልክ የተሳሳታችሁ ነበር የመሰለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሁልጊዜ የሚጫነው የባዮሎጂ መምህሩ ላይ ነው። እሱም ዝግመተ ለውጥ የሚባለው ምዕራፍ ሲደርስ ያልበዋል፤ እኛ ሌሎቻችን ስታፍ ሩም ቁጭ ብለን ሻይ እንጠጣለን።

ስለ ራሴ ልጀምር። ስምንተኛ ክፍል ሆኜ የጂኦግራፊ መምህራችን ስለ ደጋው ድንጋይ አስተማሩን። ይሄ የምንረግጠው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ ከመሬት ውስጥ ቀልጦ ከወጣ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነው አሉ። እጄን አወጣሁ። "ቲቸር፣ ዓለም ከተፈጠረ ግን ሰባት ሺህ ምናምን ዓመት አይደለም እንዴ?" ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ሳቁ። "እሱን ቤተ ክርስቲያን ሄደህ ጠይቅ" አሉኝ።

ሄድኩ። እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ጠየቅሁ። እዚያ ማንም አልሳቀም። አስተማሪው ተቆጣ። "ይሄን የፈረንጅ ነገር እዚህ እንዳታመጣብን!" አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ደብተር ያዝኩ። በእጄ አይደለም፣ በጭንቅላቴ። ፈተና ላይ 30 ሚሊዮን ብዬ እጽፋለሁ። እሑድ ሰባት ሺህ እላለሁ። ሁለቱም ቦታ ኤክስ አልተደረገብኝም። ጎበዝ ተማሪ ተባልኩ።

ዛሬም የምናስተምራቸው ልጆች ሁለት ደብተር ነው የያዙት። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ደብተሮቹ ይጋጫሉ፣ አንዱ ይጣላል። የትኛው እንደሚጣል የሚወስነው እኔና እናንተ አይደለንም፤ ዶርም የደረሳቸው ጓደኛ ነው።

ይህ ደግሞ የሸዋ ልጅ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ አገር፣ ካንተርበሪ ክራይስት ቸርች ዩኒቨርሲቲ፣ ቤሪ ቢሊንግስሊ የሚባሉ ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንኑ አጥንተዋል። ያዩትም ተመሳሳይ ነው። ተማሪው እያንዳንዱን ትምህርት በየሳጥኑ ቆልፎ ይይዛል። ትልልቆቹ ጥያቄዎች ደግሞ አንድ ሳጥን ውስጥ አይገቡም፤ በትምህርቶቹ መካከል ያለው ግድግዳ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ።

እዚህ ላይ ሕጉን ልጥቀስና ልለፍ፤ ምክንያቱም ጥያቄው መነሳቱ አይቀርም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጥ ይላል። አንቀጽ 27 ደግሞ ምእመናን የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ማቋቋም ይችላሉ ይላል። ልጆቻችን የሚፈተኑት የመንግሥትን ፈተና ነው፣ የምናስተምረውም የመንግሥትን መጽሐፍ ነው። ክፍላችን ውስጥ የሙስሊም ልጆችም አሉ። እኔ በሒሳብ ፔሬድ እንስበክ አላልኩም። ከመጽሐፉም አንዲት ገጽ እንቅደድ አላልኩም።

ሌላም ጠብ አለ፣ የእኛ ያልሆነ። ልጆቻችን ቲክቶክ ላይ የሚያዩት "ሳይንስ ወይስ መጽሐፍ ቅዱስ" የሚል ጭቅጭቅ አብዛኛው ከአሜሪካ የመጣ ነው። በ1925 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቴነሲ ውስጥ ዴይተን በምትባል ትንሽ ከተማ ጆን ስኮፕስ የሚባል መምህር ዝግመተ ለውጥ አስተማርክ ተብሎ ተከሰሰ፣ 100 ዶላር ተቀጣ። በ2005 ደግሞ ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ ዶቨር ላይ፣ ጉዳዩ ተገልብጦ፣ ከዝግመተ ለውጥ ሌላ ሐሳብ ያስገባው የትምህርት ቦርድ ፍርድ ቤት ቀረበ። የነሱ ጠብ የነሱ ታሪክ አለው፣ የነሱ ሕግ አለው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ታሪኩ ይቀርና ጩኸቱ ብቻ ይመጣል። የሰው ጠብ ተበድረን መጣላት ምን ይባላል?

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። እዚህ ትንሽ እቆያለሁ፤ ታገሱኝ።

የዘጠነኛ ክፍል ልጆቼ ማካፈል ላይ "ቀሪ" የሚባለውን ነገር ይንቁታል። ካልኩሌተር ላይ ነጥብ ይመጣና ያልፋል። አንድ ቀን ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን በዓላቷንና አጽዋማቷን የምታወጣበትን ስሌት፣ የሚያውቁ አንድ መሪጌታ ጋበዝኩ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጭራቸውን ይዘው ገቡ። ልጆቹ ጸሎት ሊደረግ ነው ብለው ተነሱ። "ተቀመጡ ልጆቼ፣ ዛሬ ሒሳብ ነው" አሉ።

ጠመኔ አልፈለጉም። የግራ እጃቸውን ዘረጉና የጣታቸውን አንጓ መቁጠር ጀመሩ። እኔ ሰሌዳው ላይ እየተከተልኩ ጻፍኩ።

የ2018ን ፋሲካ ነበር የፈለግነው። 5500 ሲደመር 2018፣ 7518። ይህ ዓመተ ዓለም ነው። ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይቀራል። አንድ ይነሳለታል፣ 12። ይህ ወንበር ይባላል። ወንበርን በ11 አባዙት፣ 132። በ30 በ30 ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ አበቅቴ ማለት ይሄ ነው። ወንበርን በ19 አባዙት፣ 228። በ30 ሲገደፍ 18፤ መጥቅዕ። አሁን አበቅቴንና መጥቅዕን ደምሩ። 12 እና 18፣ 30። "ሁልጊዜ 30 ነው" አሉ መሪጌታ። ልጆቹ ለምን ብለው አልጠየቁም፤ እኔ ጠየቅኋቸው። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ስለሆኑ ነው የሚለውን ለማግኘት ግማሽ ፔሬድ ፈጀባቸው። ደስ የሚል ግማሽ ፔሬድ ነበር።

መጥቅዕ 18 ስለሆነ መስከረም 18ን እንይ፤ እሑድ ይውላል። የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 7 ነው። 18 እና 7፣ 25። ይህ መባጃ ሐመር ነው። ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ሰኞ። ከዚያ 69 ቀን ቁጠሩ፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4። አንድ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ካሌንደሩን አየ። "ትክክል ነው!" አለ፣ በጣም እየገረመው። መሪጌታ ትንሽ ተቀየሙ። በስልክ መረጋገጣቸው አልጣማቸውም።

እዚህ ውስጥ ያለውን አስተውሉ። 19 ከየት መጣ? 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወር በሁለት ሰዓት ልዩነት እኩል ይሆናሉ። ይህንን ባቢሎኖች ያውቁ ነበር። ግሪኮችም ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዘመን በነበረው የሰማይ ተመራማሪያቸው በሜቶን ስም ይጠሩታል። ትውፊታችን ደግሞ ቀመሩን ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ ይሰጣል። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ትልቁን በዓሏን የምታውቅበት ሒሳብ የአረማውያን የሰማይ ምርምር ገብቶበታል ማለት ነው። የአረማዊ ነው ብላ አልጣለችውም። ተቀብላ፣ አስልታ፣ በጣት አንጓ ላይ አድርጋ ለልጅ ልጅ አስተላለፈችው።

እንከኑንም አንደብቅ። ሁለት ሰዓት ትንሽ ይመስላል፤ የስሌቱ ዓመትም ከእውነተኛው የፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ገደማ ይረዝማል። በመቶ ዓመታት ሲጠራቀም ቀን ይሆናል። ዛሬ የስሌቱ ጨረቃ ከሰማይዋ ጨረቃ በአራት ቀን ገደማ ትዘገያለች። ልጆቹን ማታ ውጭ አውጥታችሁ አሳዩአቸው። ሰማዩ ነፃ ነው፤ ብርዱን ብቻ ቻሉት።

ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ናት። "ቲቸር፣ 7518 ካሉ፣ ጂኦግራፊ ላይ 30 ሚሊዮን የተባለውስ?" የራሴ ጥያቄ ነው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ዞሮ መጣብኝ። ክፍሉ ሊስቅ ሲል እኔ አልሳቅሁም። መሪጌታን አየኋቸው። እሳቸውም አልተቆጡም።

መጀመሪያ እንደ ሒሳብ መምህር መለስኩ። 5500 ላይ 532 ጨምሩና እንደገና ሥሩት አልኳቸው። 6032 ሲደመር 2018፣ 8050። ለ19 ሲካፈል? አሁንም 13 ይቀራል። ለ4 ሲካፈል? አሁንም 2 ይቀራል፣ ዘመነ ማርቆስ። መስከረም 1? አሁንም ሐሙስ። "ቲቸር፣ ፋሲካው ንቅንቅ አላለም!" አለ አንዱ። አይልም። 532 ማለት 19 በ28 ሲባዛ ነው፤ የጨረቃና የፀሐይ ዑደት አብረው የሚገጥሙበት። ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር ይሉታል። ባሕረ ሐሳብ የሚፈልገው ቀሪውን ነው። ዓለም ስንት ዓመቷ እንደሆነ ለማወቅ የተሠራ መሣሪያ አይደለም። ፋሲካ መቼ እንደሚውል ለማወቅ ነው፣ ለዚያም ይሠራል።

ይህ ግን ጥያቄውን ሙሉ በሙሉ አልመለሰም። ለልጅቷም እንዲሁ ነገርኳት። 5500ው ራሱ ሌላ ነገር ይናገራል፣ ከአዳም እስከ ክርስቶስ። እሱን ለመሪጌታ ተውኩት። "ልጄ፣ ይህ ቁጥር ድንጋይ ተለክቶ አልመጣም" አሏት። "ከመጽሐፍ ነው የመጣ። ለአዳም የተሰጠው ተስፋ አምስት ቀን ተኩል ነበር። አምስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ማለት ነው። አንዱ ቀን አንድ ሺህ።"

ልጅቷ አሰበች። "የኔታ፣ እዚህ ጋ ቀን ሺህ ዓመት ከሆነ፣ ስድስቱ ቀንስ?"

መሪጌታ ጢማቸውን ዳሰሱ። "እሱ የአንድ ደወል ጥያቄ አይደለም" አሉ። ደወሉም ተደወለ።

ያ ፔሬድ ያስተማርኩት ምርጥ ፔሬድ ነው ብል አላጋነንኩም። ልጅቷ መልስ ይዛ አልወጣችም። ግን አንድ ደብተር ይዛ ወጣች።

አሁን ሌሎቹን ትምህርቶች ቶሎ ቶሎ ልነካካ። ከደጃችን ልጀምር፣ ከስማችን። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እዚህ ሳሉ ከሰማይ ብርሃን ታየ፣ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች በ1456 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታየችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ልትሆን ትችላለች ብለዋል። የፊዚክስ መምህሩ እዚህ ጋ ይግባ። ይህች ኮከብ በ76 ዓመት ገደማ ትመለሳለች። በእኛ አቆጣጠር በ1978 መጥታ ነበር፣ በ2053 ትመጣለች። የዛሬዎቹ ልጆቻችን ጎልማሶች ሆነው ያይዋታል። የታሪክ መምህሯ ደግሞ ዜና መዋዕሉን ይዛ ትግባ። የንጉሡ ዜና መዋዕል ብርሃኑን የሚያያይዘው እስጢፋኖሳውያን የሚባሉት መነኮሳት በንጉሡ ፍርድ በድንጋይ ከተወገሩበት ቦታ ጋር ነው። ንጉሡ ብርሃኑን እንደ ምልክት አዩት።

እንግዲህ ሦስት ጥያቄ ሆነ። ብርሃኑ ምን ነበር? ምን ተጻፈ? ሰው የሰማይን ብርሃን ለራሱ ፍርድ ማኅተም ሲያደርገው ምን እንላለን? የመጀመሪያውን ቴሌስኮፕ ይመልሰዋል። ሦስተኛውን አይመልሰውም። ደግሞም ኮከብ መሆኑ ቢረጋገጥ ምልክት አልነበረም ማለት አይደለም፤ ምልክት ነው የሚል ሰው ካለም ኮከብ መሆኑን መካድ የለበትም። ይህንን መለየት የቻለ የአስር ዓመት ልጅ ከብዙ ዩቲዩበር ይበልጣል።

ግን የእኛ ሰው ሁልጊዜ እንደ ባሕረ ሐሳቡ እጁን ዘርግቶ አልተቀበለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንድ የውጭ ሰው አንኮበር አካባቢ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው አስቆሙት ብለው የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። ተጓዦች እንዲህ ያለች ወሬ ይወዳሉ፣ እሱን አውቃለሁ። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ወፍጮው ይቁም ሲባል፣ ድንጋይ ላይ ተደፍተው ሲፈጩ የሚያድሩትን ሴቶች ማንም አልጠየቃቸውም። ይህችን የግብረ ገብ መምህር ይውሰዳት።

ባዮሎጂ ላይ ብዙ አልቆይም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ። የዘር ሕግ ስታስተምሩ ሜንዴል መነኩሴ እንደነበር ንገሯቸው። ገዳሙ ግቢ ውስጥ አተር እየዘራ፣ እየቆጠረ፣ በ1866 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ውጤቱን አሳተመ። ከዚያ ልጆቹን ወደ ቅርቡ ቤተ ክርስቲያን ውሰዷቸው። ጽዱንና ወይራውን ይቁጠሩ። ከቅጽሩ ውጭም ያለውን ይቁጠሩ። መንዝ ያላችሁ ደግሞ ጓሳ አላችሁ። ሕዝቡ ራሱ ቄሮ በሚባለው የቆየ የግጦሽ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ እየከፈተ ለዘመናት የጠበቀው ቦታ ነው፤ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዚያ አለ። እኔ እንግዳ ሆኜ ለእናንተ ስለ ጓሳ ባወራ ያስቃል።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ጥቅስ አትለጥፉ። በፎቶሲንተሲስ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ አንድ የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ ጽፎ "አያያዝነው" ማለት ማያያዝ አይደለም። አጥር ላይ ጨርቅ እንደማስጣት ነው። እኔም አድርጌዋለሁ፣ የራሴን ሌሰን ፕላን አይቼ አፍሬያለሁ። ሦስት ማዕዘን ለማስተማር "ሥላሴም ሦስት ናቸው" ብዬ ጀምሬ ነበር። አንዱ ተማሪ "ቲቸር፣ አራት ማዕዘንስ?" አለኝ። አራቱ ወንጌላውያን ልል ነበር፣ ራሴን ያዝኩ።

በዚህ ነገር ከሁሉ ጥሩ ምሳሌ የምለው ዦርዥ ለሜትር የሚባለውን ሰው ነው። ቤልጅየማዊ የካቶሊክ ቄስ ነበር፣ የፊዚክስ ሊቅም። ዓለም እየሰፋች መሆኗን በ1927 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጻፈ፤ በኋላም ሁሉም ነገር ከአንዲት ጥንተ አቶም ጀመረ አለ። ዛሬ ቢግ ባንግ የምንለው ነው። በ1951 ፖፕ ፒዮስ 12ኛ ይህንን ሳይንስ የፍጥረትን ትምህርት የሚደግፍ አድርገው ተናገሩ። ሌላ ቄስ ቢሆን እልል ይላል። ለሜትር ግን ደስ አላለውም። ነገ ሳይንሱ ቢሻሻል እምነቱ ምን ሊሆን ነው? ደግሞ እሱ የጻፈው የፊዚክስ ቀመር ነው፣ ማንም ያምን ማንም አያምን በሒሳቡ መለካት አለበት። ቆቡንም ቀመሩንም አክብሮ ለየብቻ ያዛቸው፣ በአንድ ሰው ውስጥ።

ታዲያ በየት እንጀምር? በስታፍ ሩም። ሁላችንም አብረን ሻይ እንጠጣለን፣ ስለ ደመወዝ እናወራለን፣ ስለ ኳስ እንጣላለን። ጂኦግራፊ ላይ ምን እንደተነሳ ግን የሒሳብ መምህሩ አያውቅም። በአንድ ሴሚስተር አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። አንድ ድንጋይ፣ አንድ ዛፍ፣ አንድ ስም። በዚያች ሳምንት አራት መምህራን በየትምህርታቸው ያንን አንድ ነገር ይንኩት። ልጁ አንድን ድንጋይ በአራት ደብተር ሳይሆን በአራት ዓይን ያየዋል። ከበጀት አይወጣም። ሱፐርቫይዘሩም አይቆጣም።

አንድ ጠያቂ በእረፍት ሰዓት "ልጁ ጥያቄ ጠይቆ እምነቱ ቢናጋስ?" አለኝ። ሊናጋ ይችላል። የእኔም ተናግቷል። የተናጋው ግን በ30 ሚሊዮኑ አልነበረም፤ በሳቁና በቁጣው ነው።

መሪጌታን ስሸኛቸው የሆነውን ላውጋችሁና ልቀመጥ። ስታፍ ሩም ሻይ ጋበዝኳቸው። ስኳር ሦስት ማንኪያ ጨመሩ። "ለመሆኑ" አሉኝ፣ "ያን 30 ሚሊዮን ድንጋዩ ላይ ማን ጻፈው?"

አስረዳኋቸው። ድንጋዩ ውስጥ ፖታሲየም አለ። ከሱ ትንሿ ክፍል እያደር ወደ አርገን ጋዝ ትለወጣለች፤ የዚያች ክፍል ግማሽ እስኪያልቅ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ወጥቶ ይሄዳል። ሲቀዘቅዝ ግን ውስጡ ይታሰራል። ስንት ፖታሲየም እንደቀረና ስንት ጋዝ እንደታሰረ ተለክቶ ዓመቱ ይሰላል።

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "እንግዲያ እሱም የሚቆጥረው ቀሪ ነው።"

"አዎ የኔታ፣ ቀሪ ነው።"

ዝም አሉ። ከዚያ "ጋዙ በመሃል ሾልኮ ቢሆንስ?" አሉኝ።

ጥያቄው የሳይንቲስቶቹ የራሳቸው ጥያቄ ነው። አርገን ካመለጠ ድንጋዩ ከዕድሜው ያነሰ ሆኖ ይቆጠራል፤ ለዚህም ሌላ የመለኪያ ዘዴ አውጥተዋል። እኔ ከዚያ በላይ መሄድ ስላልቻልኩ በሩ ላይ ወጥቼ የጂኦግራፊ መምህርታችንን ጠራኋት። የፈተና ወረቀት እያረመች ነበር። እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ መጣች። ወንበር ሳብኩላት። መሪጌታም ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁላትና ጥያቄያቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩላት።